የውሰት ሽንት

የወፍ በሽታ የአባቴን ዓይን እንደ እርድ ቢጫ አድርጎት እንጅባራ ያለ ሆስፒታል ስናስተኛው፣ ሐኪሙ እኔንና አክስቴን ወደ ኮሪደር ጠራን። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። መታመሙን እንደሰማች ከአዘና በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጣችው።

«ጉበቱ በድንገት ደክሟል» አለን። «ጉበት ሲደክም ደግሞ ኩላሊትም ያኮርፋል። ሽንቱን በዚህ ጆግ እየለካችሁ ንገሩኝ። ካነሰ ለኩላሊት እጥበት ባሕር ዳር እንልካቸዋለን።»

አክስቴ አማተበች። በእሷ ቤት፣ ለእጥበት የሄደ ሰው የሚመለሰው በሳጥን ነው።

ለካሁ። ጠዋት ትንሽ፣ ከሰዓት እንጥፍጣፊ። አባቴ ይቃዣል፤ «በሬዎቹን ፍታቸው እንጂ!» ብሎ ይቆጣኛል። አስር ሰዓት ላይ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ግን ጆጉ ከግማሽ በላይ ሞልቷል!

እሰይ ልል ስል ቀረብ ብዬ አየሁት። ኩልል ያለ ነው። የአባቴ ሽንት ግን ጥቁር ሻይ ነበር የሚመስለው።

«አክስቴ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከወንድሜ ነዋ!»

«አክስቴ!»

በአገጯ ወደ ጎረቤት አልጋ ጠቆመች። እግሩ የተሰበረ ጎረምሳ ተኝቷል። «እናቱን ለመንኳት። እርሾ እንዋዋስ የለ? ይሄ ምን ነውር አለው?»

እናትየዋም ከወዲያ ሆና «የእኔ ልጅ ይተርፈዋል፤ ሲያንስዎ ይንገሩኝ» አለች።

ሳቄ መጣ። ግን አባቴ ሊሞትብኝ ነው፤ ሄጄ ለሐኪሙ ተናገርኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። መድኃኒቱን ቀየረ፣ ግሉኮስ ጨመረ፤ «እስከ ነገ ጠዋት እንይ፤ ካልሆነ ይሄዳሉ» አለ።

«ወሬኛ! ወንድሜን አሳልፈህ ሰጠኸው!» አለችኝ አክስቴ፤ ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ኩላሊቱም አኩርፏል፣ እሷም አኩርፋለች፤ የቱን እንደማባብል ጨነቀኝ።

ጠዋት አባቴ ዓይኑን ገልጦ «ጆጉን አቀብሉኝ» አለ። ጠብ ጠብ አለ፤ ቆየና ሽንቱ ጆጉን እስኪያጋምስ ወረደ። አክስቴ ጆጉን ቀማችኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ጥቁር፣ ድፍርስ፣ አስቀያሚ ነው። እልል ልትል አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት።

የጎረምሳው እናት ደንግጣ ተነሳች። «ምነው፣ ልጨምርልዎ?»

«አይ ልጄ» አለች አክስቴ ጆጉን ደረቷ ላይ አቅፋ፤ «ዛሬስ የራሳችን አለን።»