የኦዝራ በነፍሼዎች

በአበባ እርሻዋ በምትታወቀው ከተማችን በመሐላት አበባ የሌለው ግቢ ካያችሁ ባለቤቱ ወይ ሞቷል ወይ ሰነፍ ነው። የጎረቤቴ የኦዝራ ግቢ ግን ለዓመታት ከአንድ የበለስ ዛፍና ከልብስ ማስጫ ገመድ በቀር ምንም አልነበረበትም፤ ሰነፍ ደግሞ አልነበረችም። ባሏን የድንጋይ ካባው ውስጥ ተንዶ የወረደ ቋጥኝ ሲገድለው የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ናሂድን ይዛ ቀረች። በዚያው ወር የከተማችን የሴቶች አስከሬን አጣቢ አረፈች። ቦታውን የሚፈልግ ሰው ጠፋ፤ ኦዝራ ወሰደችው።

ከዚያ በኋላ ሬሳ የነካ እጅ ብሎ ሰዉ ሸሻት። ፊት ለፊት ክፉ የሚናገራት የለም፤ ሞት ሲመጣ ማንን ሊጠሩ ነው? ግን ዳቦ ቤት ስትሰለፍ ከኋላዋ የሚቆመው ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ይርቃል። ሾርባ አብስላ ለጎረቤት ብትልክ ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል፣ ሾርባው ቦይ ውስጥ ይደፋል። እኔም ከሰው አልተሻልኩም። ቤቴ ስትመጣ ሻይ የማቀርብላት ብርጭቆ ለብቻው ነበር። ይህንንም ታውቅ ነበር።

ናሂድ አራክ ከተማ ሄዳ ተማረች፣ እዚያው ፈርዛድ የሚባል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ አገባች። የባሏ ቤተሰቦች እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሏት፣ “አበባ ታበቅላለች” አለች። ማን ይጠረጥራል? የመሐላት ሰው ሌላ ምን ይሠራል?

በዚያ ዓመት በሐምሌ መጨረሻ፣ ሙቀቱ አናት ሲበሳ፣ ኦዝራ የአጥሬን በር ከፍታ ገባች።

“ታሄሬ፣ በነፍሼ ማብቀል አስተምሪኝ፤ ለናሂድ አማቶች ልልክ ነው።”

በነፍሼ ሌላው ዓለም ፓንሲ የሚላት ናት፤ ያቺ ከመሬት ብዙም የማትርቅ፣ መሐሏ ላይ የተቆጣ ድመት ፊት ያላት አበባ። እኛ ዘንድ ኖውሩዝ፣ የፀደዩ አዲስ ዓመታችን፣ ያለ እሷ አይገባም።

“ከገበያ ገዝተሽ አትልኪላቸውም?” አልኳት።

“አማቷ ትጠይቀኛለች። መቼ እንደዘራሁ፣ እንዴት እንዳሳደግሁ። ሥራዬ ነው ከተባለ ማወቅ የለብኝም?”

አስተማርኳት። የበግ ፋንድያና አሸዋ በወንፊት ነፍታ ጥልቀት የሌለው ሣጥን ሞላች፤ ዘሩን በተነች፤ አፈር እንደ ጨው ነሰነሰችበት፤ ምድር ቤት አውርዳ እርጥብ ጆንያ አለበሰችው። የበነፍሼ ዘር ብርሃንና ሙቀት ይጠላል፣ በጨለማ ነው የሚነቃው። የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ብቅ ስትል ግን ጆንያው በዚያው ቀን መነሳት አለበት። ካልተነሳ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዝና ይወድቃል።

የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉንም ገደለቻቸው። በአሥረኛው ቀን ገደማ ሙቀቱ የሰፈሩን አሮጊቶች ይዞ መሄድ ጀመረና ኦዝራ አራት ቀን ከማጠቢያው ቤት አልወጣችም። ተመልሳ ጆንያውን ስትገልጥ ቡቃያው እንደ ነጭ ክር ተኝቷል። ባሏ ሲቀበር እንባ ያልወጣት ሴት ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ “ለሣር ነው እንዴ የምታለቅሺው?” አልኳት።

“ለሣር አይደለም” አለች። “ልጄ ልትዋረድ ነው።”

ያን ዓመት ተገዝቶ ተላከ። በሁለተኛው ዓመት የራሷ ደረሰ። በአራተኛው ዓመት፣ ሳልዋሽ ልናገር፣ ከእኔ በለጠች። ችግኙ በረዶ ተጭኖት ይከርማል፤ እሷ ማለዳ ወጥታ የከበደውን በረዶ በእጇ ታራግፍለታለች። ፍሬው ሲበስል ካቀረቀረበት ቀና ይላል፤ በማግሥቱ ፈንድቶ ዘሩን ስለሚረጭ በዚያው ቀን ነው የሚለቀመው። አንዲት አታመልጣትም ነበር። በየኖውሩዙ አሥራ ሁለት ማሰሮ በሣጥን አድርጋ አራክ ትልካለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኦዝራ ግን በየዓመቱ እየከበደ ሄደ።

ምክንያቱም የናሂድ አማት ሐጂያ ፈኽሪ ኦዝራን ወደደቻት። ስልክ ደውላ፣ “ዘንድሮ ግቢውን በዓይኔ ካላየሁ አልሞትም፣ በበዓሉ አራተኛ ቀን እንመጣለን” አለች። ኦዝራ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም። እኔ ከቤት ቤት ዞሬ፣ “አበባ አብቃይ ናት፣ ሌላ ነገር ከአፋችሁ እንዳይወጣ” ብዬ ለመንኩ።

“እኛ ምን አገባን” አለች የሥጋ ሻጩ ሚስት። “ብቻ ሬሳ እንዳይመጣባት ጸልዩ።”

አራተኛው ቀን ላይ መጡ። ግቢው ምንጣፍ መስሏል፤ ወይን ጠጅ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ሊባል የሚችል ሰማያዊ። ናሂድ ቀለሟ ገርጥቶ ከባሏ ኋላ ቆማለች። ሐጂያ ፈኽሪ ጎንበስ እያለች እያንዳንዷን አበባ በጣቷ ነካች።

“እጅዎ ይባረክ” አለቻት። “የነኩት ሁሉ ነፍስ ይዘራል ማለት ነው።”

ኦዝራ እጆቿን ከራስ እስከ እግሯ በሚሸፍናት ቻዶር ውስጥ ደበቀች።

ሻይ ቀርቦ፣ ኦዝራ ራሷ የጋገረችው የሽምብራ ዱቄት ጣፋጭ ታድሎ፣ ሐጂያዋ ሁለተኛውን መግመጥ እንደጀመረች በሩ ተንኳኳ። እኔ ነኝ ተሽቀዳድሜ የወጣሁት። የመቃብር ቦታው ሾፌር ረሒም ነበር።

“ኦዝራ አለች?”

“የለችም። አራክ ሄዳለች።”

“እትዬ ታሄሬ፣ ጫማዋ እኮ ደጃፉ ላይ ነው” አለኝ። ድምፅህን ዝቅ አድርግ ብዬ ብጠቅሰውም አልገባውም። “መኪና ተገልብጦ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ። አባትዬው ከጠዋት ጀምሮ ማጠቢያው ቤት በር ላይ ቆሟል። የጎረቤት ከተማዋ የዴሊጃን አጣቢ ለበዓል ማሽሃድ ሄዳለች። ወንድ እንዳያጥባት ሴት ልጅ ናት። ምን ላድርግ?”

“ሂድ ብዬሃለሁ” አልኩና በሩን ዘጋሁበት። አላፍርም። የዚያን ቀን የማስበው ለኦዝራ እንጂ ለማላውቃት ልጅ አልነበረም።

ዞር ስል ኦዝራ ቆማለች። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ሁሉም ሰምተዋል።

“እማዬ፣ ተቀመጪ” አለች ናሂድ።

“ልጅቷን ማን ያጥባት?”

“ሌላ ሰው ይፈልጉ።”

“ሌላ ሰው የለም፣ ናሂድ። ቢኖርማ እኔ መቼ እገባበት ነበር?”

ሐጂያ ፈኽሪ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየች። “ማን ነው የሚፈልግዎት?”

“የሞተች ልጅ ናት፣ ሐጂያ” አለች ኦዝራ። “አስከሬን አጣቢ ነኝ፣ አሥር ዓመቴ ነው። አበባውን ግን እኔ ነኝ ያበቀልኩት፤ እሱ ውሸት የለበትም።”

ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ረሒም መኪናውን ከበሩ አላራቀም ነበር።

ሐጂያዋ አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። ከአፏ ያልወረደውን ጣፋጭ መሐረብ ላይ ተፋችው፣ መሐረቡን ትሪው ላይ ተወችው፣ ግቢው ቧንቧ ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ ሦስት ጊዜ ታጠበች። ፈርዛድ የመኪናውን ቁልፍ እያየ ቆመ። አንዲት ቃል ቢናገር ምን ነበረበት? ናሂድ ቦርሳዋን አነሣች።

“ቢያንስ አበባውን ውሰጂላት” አልኳት፤ ሣጥኑ ደረጃው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

“ይቅር፣ እትዬ ታሄሬ” አለች። “ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?” ዓይኔን ሳታይ ወጣች።

ሣጥኑን ተሸክሜ የእኔ ቤት ምድር ቤት ደበቅኩት። ጣፋጭ የተተፋበትን መሐረብ አቃጠልኩ። ትሪውን አጥቤ ወደ ቦታው መለስኩ፤ ከዚያ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጣች። ሬሳ የሚታጠብበት ካፉር ካፉር ትሸታለች።

“ሄዱ?”

“ሄዱ። መንገድ ላይ እንዳይመሽባቸው ብለው ነው።”

“አበባውን ወሰዱት?”

“ወሰዱት እንጂ። ናሂድ ናት ተሸክማ መኪናው ውስጥ ያስገባችው። ‘እማዬን ሳሚልኝ’ አለችኝ” አልኩና አንገቷን ስቤ ሁለቱንም ጉንጯን ሳምኳት።

ኦዝራ ቀስ ብላ ከእጄ ወጣች።

“ይህን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ናሂድ ስማኝ አታውቅም” አለች። “ስትዋሺ እንኳ የሚመስል ነገር ዋሺ፣ ታሄሬ።”

ጫማዋን አወለቀችና ገባች። ናሂድ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።