አሥራ አንድ ደቂቃ

አቶ እንግዳ ሊፈታው የተነሣው ችግር ይህ ነው። አምስት ኮማንዶዎች የጠላት ጨረቃ ላይ የተተከለውን የአየር ማምረቻ ሊያፈርሱ ሰርገው ገብተዋል። ማምረቻው እንዲፈነዳ አንድ እጀታ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ተጭኖ መቆየት አለበት። እጀታው ግን ተንኮለኛ ነው፤ የሰው እጅ ሙቀት ካልተሰማው ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ታዲያ አምስቱም እንዴት ይውጡ?

ታሪኩን የጀመረው ልጁ ኖላዊ ነው። እሱም ራሱ ኮማንዶ ነበር። በፈቃድ መጥቶ መካኒሳ ቤታቸው ውስጥ በሰማያዊ ደብተር ሲጽፍ ሰነበተና አምስቱን እጀታው ፊት አድርሶ፣ “ስመለስ አስወጣቸዋለሁ” ብሎ ዘመተ። ይኸው ሦስት ዓመቱ፤ ድምፁ የለም።

እንግዳ ሠላሳ ዓመት ጄኔሬተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ የእጀታው አሠራር ሲበዛ ይመስጠዋል። የሚገርመው፣ ልጁ መውጫ ቀዳዳዎቹን ሁሉ አስቀድሞ ደፍኗቸዋል። በሽቦ እንዳይታሰር፣ ሽቦ ሙቀት የለው። ድንጋይ እንዳይጫንበት፣ ያው ነው። አባትየው አሥራ ሦስት መላ ጻፈ፤ አሥራ ሦስቱንም ሰረዘ።

ባለፈው የካቲት የኖላዊ ጓድ ሁንዴሳ ግራ እግሩን እየጎተተ መጣ። የመጣው በቀትር፣ ለዚያውም ብቻውን ነው። መርዶ ደግሞ እንዲህ አይነገርም፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌና የእድር ሰው ተሰብስቦ ነው በር የሚንኳኳው። ስለዚህ እንግዳ አልደነገጠም። ሚስቱ ፀሐይወርቅ ለልጇ ልትለማመን ሀና ማርያም ሄዳ ነበርና ምሳውን ራሱ አቀረበለት። ሁንዴሳ ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር ስለ እጀታው ስፕሪንግ ያስረዳዋል። በመጨረሻ ደብተሩን ዘረጋለት።

ሁንዴሳ ገጹን ሁለቴ አነበበው።

“ጋሼ፣ አራቱ ይወጣሉ።”

“አምስተኛውስ?”

“ይዞላቸው ይቀራል። ኖላዊ እንደዚያ ነው ያደረገው። ሩጡ አለን፣ ሮጥን።”

እንግዳ ደብተሩን ከደነው። “በቀትር ነው የመጣኸው” አለ፤ “ብቻህን። ይሄ መርዶ አይደለም።”

“ይዤው የምመጣ ሰው የለኝም፣ ጋሼ። ከአራታችንም በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።”

ድንኳን አልተጣለም። ፀሐይወርቅም እስካሁን አልተነገራትም፤ አሁንም በየወሩ ለልጇ ጧፍ ታበራለች። እንግዳ ለራሱ የሰጠው ቀጠሮ አለ፤ አምስቱም የሚወጡበትን መላ ሲያገኝ ይነግራታል።

አሥራ አራተኛው መላ የጎማ ጓንት ነው። ሰው የሚሞቀውን ያህል የሞቀ ውኃ ይሞላበታል፣ ከእንጨት እጀታ ጋር ያስረዋል፣ ጨረቃዋ በረዶ ናትና ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ካለው የሀኒፋ ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ይከተዋል። ሀኒፋ ለምዳዋለች። “ጋሽ እንግዳ፣ ዛሬም እጅዎን ከለስላሳዬ ጋር ሊያቀዘቅዙ ነው?” ትለዋለች። እሱም የጓንቱ ጣቶች ቀጭን ስለሆኑ ከመዳፍ ቀድመው እንደሚቀዘቅዙ በትዕግሥት ያስረዳታል።

የመጀመሪያ ቀን ሙቀቱ አራት ደቂቃ ቆየ። ጣቶቹን ቋጥሮ ውኃውን ወደ መዳፉ ሲሰበስበው ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አልጨመረም።

ዛሬ የኖላዊን የሱፍ ካልሲ ይዞ መጥቷል። ጓንቱን በካልሲው ጠቅልሎ አስገባው፤ ክዳኑን ዘግቶ ስልኩ ላይ የሚሮጠውን ሰከንድ ያያል።