በሬሕማ ስም የወለደች

ሀኒፋ በተሰደደችበት አገር፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የደሴ ልጅ ናት፤ እጇ ሥራ አይፈራም፣ አፏ ግን ዝም ይላል። ምን ያደርጋል፣ ጉድ የሠራት ያው ዝምታዋ ነው።

የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እነሱ ኢቃማ የሚሉት፣ አልነበራትም። ሆስፒታል ፖሊስ ይጠሩብሻል ብለው አስፈራሯት። አብራት የተሰደደችው ሬሕማ፣ "በእኔ ካርድ ግቢ፤ ፊታችንን ማን ይለየዋል?" አለቻት። ሀኒፋም ሬሕማ ተብላ ወለደች። ሕፃኑ በማግስቱ ትኩሳት ያዘው፣ ጡት እንቢ አለ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሐኪሙ፣ "ልጁን የገደለው ጀርም አንቺ ሰውነት ውስጥ አለ" አላት። "አንቺን አያምሽም፣ ስትወልጂ ግን ልጁን ይይዘዋል። ሌላ ጊዜ ስታረግዢ ንገሪያቸው፤ ምጥ እንደጀመረሽ መርፌ ትወጊያለሽ።" ይሄም በሬሕማ ስም ተጻፈ።

እዚያ አገር ጦርነቱ ሊነሳ አንድ ዓመት ሲቀረው ሀኒፋ እንደገና አረገዘች። አሁን የራሷ ኢቃማ አላት። ሬሕማ ግን እጇን ይዛ ለመነቻት።

"ወላሂ፣ ያንን ነገር ካነሳሽው ካርዴን ነጥቀው አገሬ ይመልሱኛል። እናቴን ማን ያሳክምልኛል?"

ሀኒፋ አላነሳም ብላ ማለችላት። ለክትትል በሄደች ቁጥር "ስንተኛሽ ነው?" ይሏታል፤ "የመጀመሪያዬ" ትላለች። የሞተ ልጇን በገዛ አፏ ትክዳለች።

ምጡ ማለዳ መጣ፤ ሆስፒታል ገባች። አምስት ሰዓት ሙሉ አፏን ለጉማ አማጠች። ልጁ ሊወጣ ሲል ግን አልቻለችም፤ የአዋላጇን እጅ ጨምድዳ ጮኸች።

"ሁለተኛዬ ነው! የመጀመሪያው በጀርም ሞቶብኛል! ያኔ በሬሕማ ካርድ ነበር የገባሁት!"

"አንቺ ሀኒፋ! ስለ ካርዱ ማን ጠየቀሽ?" አለች አዋላጇ ደንግጣ። "መርፌው እኮ ልጁ ከመወለዱ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ መሰጠት ነበረበት!"

ቢሆንም ወጋቻት። ልጁ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተወለደ፤ ወፈር ያለ ወንድ። ማታ ላይ ትኩሳቱ ጀመረው። ለእሱም መድኃኒት ሰጡት፣ አልያዘለትም። እሱም ሦስት ቀን አልሞላውም።

ሬሕማ ከሥራ ፈቃድ አግኝታ ስትመጣ የልጁን ሞት ገና አልሰማችም ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ዙሪያዋን አየት አድርጋ፣ "ስሜን አልጠራሽም አይደል?" አለቻት።

"ጠርቼዋለሁ" አለች ሀኒፋ። "ምነው ማለዳ ስገባ በጠራሁት ኖሮ።"