ኮምፒውተር የተሸከመው ባሌ

ይህ ነገር የደረሰብን በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት ገደማ፣ እስራኤል አገር፣ ሐደራ ከተማ፣ ነቬ ሐይም በሚባል ሰፈር ስንኖር ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ዛሬም ዓርብ ከሰዓት መስታወት ሲሰበር ከሰማሁ፣ የጎረቤት ብርጭቆ ቢሆን እንኳ፣ የያዝኩትን ጥዬ ወደ ሳሎን እሮጣለሁ። ዘመዶቻችን ነገሩን ሲያወሩት ከመጨረሻው ጀምረው ይስቃሉ። እኔም ስቄበታለሁ፣ አልዋሽም። ግን ከሳቁ በፊት ደም ነበረ፤ እኔ የምጀምረው ከደሙ ነው።

ባሌ ታደሰ ዝምተኛ ሰው ነው። ኢንዱስትሪ ዞኑ ውስጥ ብየዳ ይሠራል፤ ክንዱ የሌላ ሰው ጭን ያህላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፁን እንኳ ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እዚህ አገር የመጣው በሱዳን በኩል፣ ገና ትንሽ ልጅ ሆኖ ነው። እናቱ እናኑ ግን አልደረሰችም። ሱዳን መጠለያው ውስጥ ቀረች። መቃብሯን የሚያውቅ የለም፤ ፎቶ የላትም። በዚያ ዘመን ጎንደር ገጠር ማን ፎቶ ይነሳል? ታደሰ መልኳን አያስታውስም። የሚያስታውሰው አዝላው ስለነበር ጀርባዋን ነው።

ከዚያ ዓርብ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተወለደበትን መንደር ለማየት ሄዶ ነበር። አንድ ያረጁ ክርስቲያን ጎረቤት እዚያው አገኘ። እናቱን የሚያውቋት፣ አብረዋት ውሃ የወረዱ ሴትዮ ናቸው። ከሥራ ጓደኛው በተዋሰው ካሜራ ቀረጻቸው። ሴትዮዋ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "የእናኑ ልጅ! ዓይንህ እኮ የሷ ነው!" ይላሉ። ከዚያ ስለ እናኑ ያወራሉ፤ አነጋገሯን፣ አረማመዷን፣ አሳሳቋን። እሷን የሚያውቅ ዘመድ ስላልነበረው፣ ታደሰ እናት እንደነበረችው ያመነው ያን ቀን ይመስለኛል።

ቪዲዮውን ኮምፒውተር ላይ ገለበጥነውና ካሜራውን ከነካሴቱ መለስን። ባለቤቱም የልጁን ባር ሚጽቫ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት በዓሉን፣ በላዩ ቀረጸበት። ምን ያድርግ፣ ካሴቱ የራሱ ነው። እንግዲህ የቀረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ።

ኮምፒውተሩን የገጠመልን ወንድሜ ሙሉቀን ነው። ከወታደርነት በቅርቡ የወጣ፣ እጁ የማያርፍ ጎረምሳ። እዚያው አንዱ ሳጥን ውስጥ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሁለት ፕሮግራም ጫነበት፤ ዊንዶውስ ለእኛ፣ ሊኑክስ ለራሱ። ሲከፈት ጥቁር ገጽ ይመጣና የትኛውን እንደምንፈልግ ይጠይቃል። እኛ ዊንዶውሱን እንመርጣለን፣ እሱ ሲመጣ ሊኑክሱን። እኔ "አንድ ቤት፣ ሁለት በር" እለው ነበር።

ያን ሰሞን ታደሰ ኮምፒውተሩ ሞላ፣ ቦታ የለውም እያለ ያማርር ነበር። ሙሉቀን ደግሞ ደግ ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ መጣና፣ ለጋሼ ታደሰ ቦታ ላስለቅቅ ብሎ የራሱን ሊኑክስ አጠፋው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ለካ ያ ሲከፈት የሚጠይቀን ነገር የሊኑክሱ ኖሯል። ሊኑክሱ ሲጠፋ ጠያቂውም አብሮ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲከፈት፣ ጥቁሩ ገጽ ላይ ስህተት የሚል አንድ መስመርና ቁጥር ጽፎ ቀጥ አለ። ወደ ዊንዶውስም አያስገባ፣ ወደ ምንም።

እኔ ሰንበት ሳትገባ ልጨርስ ብዬ ወጥ ቤት እሯሯጣለሁ። ልጆቹ እናቴ ጋ ናቸው፣ ተመስገን። ታደሰ ከሥራ ገባ፤ የሥራ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ሙሉቀን ያጠፋል፣ ይከፍታል። ሲዲ ያስገባል፤ ከጓደኛው የገለበጠው፣ የተጫጫረ ሲዲ ነው፣ አይነበብም። ያወጣና በሸሚዙ ይጠርገዋል፣ መልሶ ያስገባል። ያው ነው፤ ያው አንድ መስመር።

"ምን ሆነ?" አለው ታደሰ።

"ምንም፣ ጋሼ ታደሰ። ይህየ ቤሴደር።"

ይህችን ቃል እዚህ አገር የማይላት የለም። ቧንቧ ቢፈነዳም "ይህየ ቤሴደር" ነው፣ ሁሉም ይስተካከላል ማለት ነው። እኔ ስሰማት ነው የምፈራው።

"ቪዲዮውስ?"

"ያለ ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል?"

"ካልተከፈተ በምን አውቃለሁ? ሊኑክሱን ሳጠፋው ምን እንደነካሁ... ይህየ ቤሴደር አልኩህ እኮ!" አለና ሳቀ።

ሙሉቀን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲፈራ ይስቃል። እኔ አሳድጌዋለሁ፣ አውቃለሁ። ታደሰ ግን አያውቅም።

የመጀመሪያውን ቡጢ አላየሁትም፤ የሰማሁት ድምፁን ነው፣ ሥጋ በጣውላ ሲመታ ዓይነት። ከወጥ ቤት ስወጣ ሙሉቀን ከነወንበሩ ወለል ላይ ነው፣ አፍንጫው ጠሟል፣ ደሙ ኪቦርዱ ላይ ተረጭቷል። ታደሰ አንገትጌውን ይዞ አነሳውና ደገመው። ሙሉቀንም ወታደር ነበርና አልተኛለትም፤ በግንባሩ አፉን መታው። የታደሰ የፊት ጥርስ ወለቀ። ከዚያ ተያይዘው የመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ወደቁ። የዚያን ጠረጴዛ ድምፅ ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ የምሰማው።

"በሕግ አምላክ!" ብዬ ጮህኩ።

አባቴ አገር ቤት ሳለ ይህን ቃል ሲል ዱላ ያነሳ ሰው ዱላውን እንዳነሳ ይቆም ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ሳሎናችን ውስጥ ግን ማን ሊሰማኝ! "በሕግ አምላክ!" ስል ይደባደባሉ፣ "በሰንበት!" ስል ይደባደባሉ። መጥረጊያውን አንስቼ የባሌን ጀርባ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት፤ እንጨቱ ለሁለት ተሰበረ እንጂ እሱ ዞርም አላለ። እጁን ነከስኩት። የደሙ ጨው ምላሴ ላይ ቀረ። ሊያራግፈኝ ሲል ክርኑ ጆሮዬን መታኝ፣ ግድግዳው አጠገብ ሄጄ ወደቅሁ።

ቀና ስል ሙሉቀን በጀርባው ተዘርሯል፣ በስብርባሪው መሐል። ታደሰ በላዩ ቆሟል። ዞረና የኮምፒውተሩን ሳጥን በሁለት እጁ ያዘው፣ ነቀለው፣ ከራሱ በላይ አነሳው። ያኔ ሳጥኑ ብረት ነው፣ እንደ ዛሬው ቀላል አይደለም። ገመዱ ስክሪኑን ጎትቶ ጣለው፣ ያ ወፍራሙ ስክሪን ወለሉ ላይ ፈነዳ። ታደሰ አልሰማውም። የወንድሜን ጭንቅላት ነው የሚያየው። ሙሉቀን እጁን ለመከለል እንኳ አላነሳም።

ምን ልበል? "ወንድሜን!" አልኩ። "ልትገድለው ነው!" አልኩ። "ልጆችህ!" አልኩ። ሳጥኑ ወደ ኋላ አለ፣ ሊወርድ።

"ታደሰ! እናትህ ውስጡ ናት!"

ቆመ።

ሳጥኑን ከራሱ በላይ እንደያዘ፣ ገመዶቹ ፊቱ ላይ እንደተንጠለጠሉ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠው። ጎኑን ዳሰሰው፤ ተጎድቶ እንደሆነ ዙሪያውን አየ። ወንድሜ ወለሉ ላይ ደም እየተፋ ነው፤ እሱ መጀመሪያ ያየው ሳጥኑን ነው።

ከላይ ያለችው ሩሲያዊት ጎረቤታችን ፖሊስ ጠርታ ኖሮ መጡ። ሙሉቀን ፎጣ ፊቱ ላይ ይዞ፣ "ስክሪኑ ወደቀብኝ" አላቸው። ፖሊሱ የታደሰን አፍ አየና፣ "እሱስ?" አለ። "እሱ ላይም ወደቀበት" አለ ሙሉቀን። ፖሊሱ እኔን አየኝ። እኔ የተሰበረውን መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ሄደ።

ሙሉቀን አፍንጫው ተቃና፣ ቅንድቡ ተሰፋ። እኔም ልብሴን ሰብስቤ እዚያው ሐደራ፣ ክፋር ብራንዳይስ የተባለው ሰፈር፣ እናቴ ቤት ገባሁ። ታደሰ ስልክ ደውሎ ለሙሉቀን "ስሊሓ" አለው፤ ይቅርታ ማለት ነው፤ ሙሉቀን ዘጋበት። ስሊሓማ አውቶቡስ ውስጥ እግር የረገጠም ይላል። እናቴ ደግሞ ቁርጡን ነገረችን፤ "ልጄን በብረት ሊጨፈልቅ የነበረ ሰው ደጄን አይረግጥም። አንቺም ብትመለሺ ልጄ አይደለሽም።"

እኔ ራሴ መመለስ እንደማልችል ገብቶኝ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን ሳጥኑ ከላይ ነው። ትዳሬ እዚያው ሳሎን ውስጥ ከመስታወቱ ጋር የተሰበረ መሰለኝ።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ታደሰ አባ ገብሩ ዘንድ ሄደ። አባ ገብሩ የሁላችንም ሽማግሌ ናቸው፣ ያላስታረቁት ቤት የለም። በአገራችን ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ያጎነብሳል፣ ድንጋዩን አንገቱ ላይ ያደርጋል፣ ተበዳዩ "አውርድ" እስኪለው አይወርድም። ታደሰ ከልቡ ነበርና፣ "አባ፣ ድንጋዩን ከየት ላምጣ? ሐደራ እንደሚያዩት አሸዋ ነው" አላቸው አሉ።

አባ ገብሩ አሰብ አደረጉና፣ "ድንጋይ ምን ያደርግልሃል? በድንጋይ አልበደልክ። ሊመቱበት ያነሱትን መሸከም ነው" አሉት።

በማግስቱ ሥራ እንደተፈታ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ታደሰ ኮምፒውተሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ከነቬ ሐይም እስከ ክፋር ብራንዳይስ በእግሩ መጣ። አባ ገብሩ በነጭ ልብሳቸው፣ ጭራቸውን ይዘው ከፊት፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ከኋላ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ ቴክኒሻን እኮ በዚያ በኩል ነው!" ብሎ ጠቆመው። ታደሰ አመሰገነውና መንገዱን ቀጠለ።

እናቴ በሩን ከፈተች፣ አየችው። ሰላምታም የለም። አቆመችው። የሳጥኑ ጠርዝ አንገቱን ልጦታል፣ ላቡ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። አባ ገብሩም ከጎኑ ቆመው ጠበቁ፤ ደንቡ ነው፣ ተበዳይ አይጣደፍም። እኔ ከእናቴ ጀርባ ቆሜ፣ ይበለው ይላል አንዱ ልቤ፣ ሌላው አንገቱን አይቶ ይደማል።

ሙሉቀን ከጓዳ ወጣ። አንድ ዓይኑ ገና አልተገለጠም። ታደሰ ፊት ሄዶ ቆመ፤ ታደሰ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ሙሉቀን ዞሮ ከኋላው ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ የሳጥኑን ጀርባ በደህናው ዓይኑ መረመረና፣ "የመብራት ገመዱን አላመጣኸውም?" አለ።

አባ ገብሩ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ጭራቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እናቴ ላለመሳቅ ነጠላዋን ነከሰች። እንዳልኩት፣ ዘመዶቻችን የሚያወሩት ይኼን ነው።

"አውርድ፣ ጋሼ ታደሰ" አለ ሙሉቀን። ራሱም ይዞ አወረደለት።

ከራሱ ስክሪንና ገመድ ጋር አገናኘው። ይህን ጊዜ ደህና የዊንዶውስ ሲዲ አግኝቶ ኖሯል። ለካ አኩርፎም ሲፈልግ ነው የሰነበተው። ሲዲውን አስገባና ከዚያ አስነሳው፣ በጥቁሩ ገጽ ላይ አንድ አጭር ትእዛዝ ጻፈ፤ የጠፋውን ጠያቂ ትቶ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ግባ የሚል ነው አለን። ሲዲውን አውጥቶ እንደገና ከፈተው። የዊንዶውሱ ሙዚቃ ሲሰማ ታደሰ ተቀመጠ፤ ወንበር የለም፣ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው።

ቪዲዮው እንዳለ ነበር። ምንም አልነካውም። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው ላልጠፋ ነገር ነው።

ሴትዮዋ ስክሪኑ ላይ ወጡ፤ ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። "የእናኑ ልጅ! ዓይንህ እኮ የሷ ነው!" እናቴ ይህን አይታ አታውቅም ነበር። እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ታደሰ ሄደች፣ የተላጠ አንገቱ ላይ እጇን አደረገች።

"እናትህ ብትኖር ብቻህን አትሸከምም ነበር" አለችው። "አጠገብህ ቆማ ከወዲያ ጫፍ ትይዝልህ ነበር።"

ታደሰ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ሙሉቀን ደግሞ፣ አመሉ ነው፣ ሳቀ። ይህን ጊዜ ታደሰም ገባው።

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቪዲዮው ዛሬ በየዘመዱ ቤት በዲስክ አለ። ታደሰ ከዚያ ወዲህ እጁን በሰው ላይ አላነሳም፤ ከሙሉቀን ጋር እንደ ሥጋ ወንድም ናቸው። በደህና እንኖራለን። ግን አንድ ነገር አለ፣ ከታደሰ በቀር ለማንም ተናግሬው የማላውቅ። ወንድሜ ብዬ ጮሄ አልቆመም፤ ልጆችህ ብዬ ጮሄ አልቆመም። የቆመው ለሞተችው ነው። አንድ ቀን ይህንኑ ነገርኩት። እንዲክድልኝ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን፣ "አውቃለሁ" አለኝ።

ሳጥኑ አሁንም መጋዘናችን ውስጥ ነው፤ ከሞተ ቆየ፣ የሚጥለው ግን የለም። እሱ ለእናቱ ብሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ እኔ በወንድሜ ራስ ላይ ሳይወርድ ስለቀረ። ለፋሲካ ጽዳት ሳንቀሳቅሰው አንድ ጊዜ፣ ብቻዬን ሆኜ፣ እስቲ ብዬ አነሳሁት። ደረቴ ድረስ ደረሰ፤ ከዚያ በላይ ክንዴ እምቢ አለ። በጣም ከባድ ነው። ቀስ ብዬ አስቀመጥኩትና አቧራውን ጠረግሁለት።