ምክር ቤታችን የአገሩን ሕግ የሻረ ለት

ከሚሴ ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ሬዲዮው ስለ ቁም ከብት ግብይት የወጣውን የፌዴራል አዋጅ ያብራራል፦ ደላላ የከብት ገበያ ውስጥ ድርሽ እንዳይል፣ ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ይገናኙ። ነጂው በመስታወቱ አየኝና «ጋሼ፣ እርስዎን ነው እንዴ የሚሉት?» አለ።

«ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት። እኔን ነበር የሚሉት።

ሥራዬ እሁድ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ግመል ይዞ ከቆላ በሚወጣው አፋርና በደገኛው ገዥ መካከል መቆም ነው። ሻጩ አማርኛ አይሰማ፣ ገዥው አፋርኛ አይሰማ፤ ቢግባቡም አይተማመኑም። እኔን ያምኑኛል። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ግመሉ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የማንን በር እንደሚደበድቡ ስለሚያውቁ ነው። ልጆቼን የማሳድገው በዚህች ነው፤ ሌላ ሙያ የለኝም።

ደግነቱ የወረዳ ምክር ቤት አለን። ከአባላቱ ከፊሉ ከብት ነጋዴ፣ ከፊሉ የከብት ነጋዴ አማች ነው፤ የቀሩት ሥጋ ይወዳሉ። ተሰበሰቡልን። አንዱ ተነስቶ «ይሄን አዋጅ ያወጡት ሰዎች ግመል ያዩት በቴሌቪዥን ነው! እኛ ገበያ ላይ አይሠራም!» ብሎ ጮኸ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው የሕግ ባለሙያ የፌዴራል አዋጅ እዚህ ሊሻር እንደማይችል ሊያስረዳ ቢነሳ «አንተ ደግሞ መጀመሪያ ሚስት አግባ» ብለው አስቀመጡት። እጅ ወጣ። ሕጉ ተሻረ።

እዚህ ላይ ቢበተኑ ጥሩ ነበር። ግን በእኛ አገር የውኃም ይሁን የሠርግ ስብሰባ ያለ ዱአ አይነሳም። የአገሩ ሽማግሌ የሆኑት ሼሃችን መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁ፣ መረቁና መጨረሻ ላይ «ይህን ውሳኔ ያፈረሰ ቤቱ ይፍረስ» አሉ። አዳራሹ በሙሉ «አሚን!» አለ። ባለሙያውም ጭምር።

ብዙም ሳይቆይ ከበላይ ስልክ ተደወለ፦ ውሳኔውን ሰርዙ፣ አለዚያ ወንበራችሁን ልቀቁ። እንደገና ተሰበሰቡ። አሁን ግን አንድም እጅ አልወጣም። ሊቀመንበሩ ላቡን እየጠረገ «ወንድሞቼ፣ እኔ ቤቴን ቆርቆሮ ያለበስኩት ገና ዘንድሮ ነው» አለ።

እርግማኑን እንዲያነሱልን ሼሃችንን ለምን ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ፤ የሚስቴ አጎት ናቸው። ሰው የሚሰቀልበትን ገመድ በገዛ እጁ እንዲያቀብል ሲላክ አስቡት። ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠው ሰሙኝና «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ራስህ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«ካነሱት እኔ ሥራ የለኝም፤ ካላነሱት እነሱ ወንበር የላቸውም።»

«ለወንበር ብለው አላህ ፊት ያሉትን አሚን ሊውጡ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። «በል አንስቻለሁ በላቸው። በእንዲህ ያለ ሰው ቤት ላይ ዱአ ማባከን ነው።»

ውሳኔው ከጸደቀበት በፈጠነ ጊዜ ተሰረዘ። ያኔም የወጡት እነዚያው እጆች ናቸው።

እሁድ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጣ። እኔ ከገበያው አጥር ውጭ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ። ግመሎቹ ቆመዋል፣ ገዥዎቹ ቆመዋል፣ ፀሐይዋም አናት ላይ ቆማለች። ተቆጣጣሪው አንዱን የግመል ባለቤት ፈቃዱን ጠየቀው። አፋሩ ወገቡ ላይ የታጠቀውን ጩቤ፣ ጊሌውን፣ ይዞ በአፋርኛ ረጅም ነገር ተናገረ። ተቆጣጣሪው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ወደ አጥሩ ዞረ።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ጌታዬ፣ እኔ ደላላ ነኝ፤ እዚያ መግባት ተከልክያለሁ።»

ሰውየውን አየ፣ ጊሌውን አየ፣ እኔን አየ። «እሺ ግባ» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬን ብቻ።»

ሻዬን ጨርሼ ገባሁ። ከእሱ በኋላ የመጡትም ሁሉ «ዛሬን ብቻ» ነው የሚሉኝ፤ ልጆቼ በዚሁ አደጉ።