ዝናብ ላይ ቆሞ የተፈረደ ፍርድ

የአባቴን ማሳ የበላው ጎርፍ አይደለም፤ የላይኛው ጎረቤታችን አያ ታከለ ናቸው። ማሳውን በሉ፣ የኔንም ትምህርት አብረው በሉ። ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከመጣ በኋላ ነውና አሁን በራሴ እጅ ስጽፈው አላለሳልሰውም።

ዛሬም በሚያዝያ ደረቅ አፈር ላይ የመጀመሪያው ጠብታ አርፎ ያ የአቧራ ሽታ ሲነሣ፣ ሌላው ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ጆሮዬን ወደ ዳገቱ እጥላለሁ።

ቤታችን ከቢቸና ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ተዳፋት ላይ ነበር። ከላይ የአያ ታከለ ማሳ፣ ከታች የኛ፣ በመካከል ደግሞ ማንም የማያርሰው፣ ሣር የለበሰ የውሃ መውረጃ ነበር። አባቴ ሲያርስ እዚያ ሲደርስ ማረሻውን አንሥቶ፣ በሬዎቹን አዙሮ፣ ሣሩን ሳይነካ ይመለስ ነበር። በበጋው ጥጆቻችን ይግጡበት ነበር።

በአንዱ በጋ አያ ታከለ ያንን መውረጃ አረሱት። ውሃውን ከማሳቸው የሚያስወጡበት ፈሰስ ቀደዱና አፉን ወደኛ አዞሩት። አባቴ ሄዶ ቢጠይቃቸው፣ «ለበልግ ካፊያ ነው እንዲህ የምትሸበረው? ሰኔ ሳይገባ አቃናዋለሁ» አሉት። በኛ አገር ክረምትን እንጂ በልግን የሚፈራ አልነበረም። አባቴም ነገር የማይወድ ሰው ነበርና ተመለሰ።

መጋቢት ደርቆ ወጣ። በሚያዝያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ጓሮ ጠብታ ሳይወርድ ዳገቱ አናት ላይ ብቻ ደመናው ተቀደደ። ከላይ እንደ ጋሪ የሚንኳኳ ድምፅ ሰማን። እናቴ ክንዴን ይዛ ከማሳው ጎትታ ስታወጣኝ፣ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ለጤፍ ያለሰለስነውን መሬት ግማሹን ይዞት ሄደ። በመስከረም ትምህርት ቤት ልገባ የነበርሁት ልጅ ከአባቴ ጋር ድንጋይ ስለቅም ቀረሁ።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ፀሐይ በጠራበት ቀን፣ ዛፍ ጥላ ሥር። አያ ታከለ ኩታቸውን አደላድለው፣ «ውሃ የእግዜር ነው። ከእግዜር ጋር ልትካሰሱ ነው?» አሉ። ሽማግሌዎቹ እውነት ነው፣ እውነት ነው ተባባሉ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። ፈሰሱ እንዲያ ከቀረ ክረምት ሲገባ የተረፈውን ግማሽ እንደሚወስደው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ያኔ እናቴ ከኋላ ተነሣች። ሴት በሽማግሌ ፊት ሳትጠየቅ አትናገርም ነበር።

«ዝናቡ የእግዜር ነው፤ ፈሰሱ ግን የእርስዎ ነው፣ አያ ታከለ» አለች። «አባቶቼ፣ የውሃ ነገር በደረቅ ቀን አይታይም። ሲዘንብ ማሳው ላይ ቁሙልኝ።»

«እንግዲህ እንደ ባቄላ ልትዘፈዝፋችሁ ነው!» አሉ አያ ታከለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «እንቆማለን» አሉ።

ግንቦት ገብቶ፣ ማርያም ዕለት ሰማዩ ሲጠቁር እናቴ ራሷ ዞራ ሽማግሌዎቹንም አያ ታከለንም ጠራች። የዝናብ ገሳቸውን ደርበው መጡ። አንደኛው ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ቢውጣቸው፣ «ጥሩዬ፣ ልታስታርቂን ነው ልታጠምቂን?» ብለው ወደ እናቴ ጮኹ።

«ከነጻችሁማ ፍርዳችሁም ይነጻል፣ አባቴ» አለቻቸው።

ትልቁ ሽማግሌ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ውሃውን ተከትለው ሽቅብ ወጡና የፈሰሱ አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከአያ ታከለ ማሳ የተነሣው ቀይ ውሃ በዚያ አፍ ተሰብስቦ፣ እየተወረወረ ወደኛ ይወርዳል።

«ና ታከለ፣ እዚህ ቁም።»

አያ ታከለ ቆሙ። ውሃው እግራቸውን ቢገፋቸው ሳያስቡት ወደ ዳር ዘለሉ።

«የቆምኸው ከእግዜር ደጅ ነው ከራስህ ትልም?»

አያ ታከለ ፈሰሱን ይድፈኑ፣ መውረጃውን ለሣሩ ይመልሱ፣ ልጆቻቸውም ከኛ ጋር ካብ ይካቡ ተብሎ፣ እዚያው ዝናብ ላይ ተፈረደ። አባቴ ያን ማታ እናቴን ቀና ብሎ አያት፤ የራሱን ጋቢ አልብሷት ተቀመጠ።

ይቅር በል ይሉኛል፤ አልልም። የተረፈው መሬት ግን እስከ ዛሬ ያበላናል፣ በዚያች ሴትም እኮራለሁ። ዛሬ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል የሚለው ማስጠንቀቂያ በስልኬ ይመጣል፤ ማንም ሳያነብልኝ አነባለሁ። ደግ ነገር ነው። ግን የማን ፈሰስ ወደ ማን እንደዞረ አይነግረኝም። እሱን ለማወቅ በኛ ጎጥ ሽማግሌው ዛሬም ዝናብ ጠብቆ ማሳው ላይ ይቆማል፤ ሴቶችም አብረው ቆመው ይናገራሉ፣ ማንም አይስቅም።

የኛ ነገር የተቋጨው ግን በበዓሉ ዕለት አይደለም፤ በማርያም ቀን ማን አካፋ ያነሣል? አያ ታከለ ፈሰሳቸውን በገዛ እጃቸው የደፈኑት በማግሥቱ፣ ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን ነው።