ለፈተና የጻፍኩት ታሪክ

ናይሮቢ ውስጥ በምሠራበት የእርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ ሲቀጠር የአማርኛውን ፈተና የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ፈተናው ከባድ አይደለም። እኔ ስደተኛ ሆኜ አንድ ታሪክ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ተፈታኙ ለኬንያዊው ባልደረባዬ በእንግሊዝኛ ይተረጉምለታል። አንድ ጥብቅ ደንብ ግን አለው፦ ስደተኛው «እኔ» ካለ አስተርጓሚውም «እኔ» ማለት አለበት።

ባለፈው ዓመት ስለ አንዲት እናት ጻፍኩ። ልጇ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ይደርሳል፤ ኢስትሊ ከሚባለው የከተማው ሰፈር አንዴ ይደውልላታል፤ ከዚያ ደብዛው ይጠፋል። እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ወሬ ስለማይጠፋ ለመጻፍ አልተቸገርኩም። እውነት እንዲመስል ብዬ ኢስትሊ የገዛውን ቀይ ጃኬት ጨመርኩበት።

ከተፈታኞቹ አንዷ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ ሴት ነበሩ። ሆሳዕና እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጥያቄዎቻችንን ሁሉ ረጋ ብለው፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ መለሱ። ባልደረባዬ ብዕሩን አስቀምጦ በፈገግታ ያዳምጣቸው ጀመር።

«ልጄ ከቤት የወጣው ሳይነግረኝ ነው» ብዬ ታሪኩን ጀመርኩ።

«ልጇ ከቤት የወጣው ሳይነግራት ነው» ብለው ተረጎሙ።

ባልደረባዬ ደንቡን አስታወሳቸው። ይቅርታ ጠየቁ። ቀጠልኩ፤ አሁንም «ልጇ» አሉ። ጃኬቱ ጋ ስንደርስ ትርጉሙን አቋረጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ‹ልጄ› ማለት አቃተኝ» አሉኝ።

«ምን አሉ?» አለ ባልደረባዬ።

«ትንሽ ደንግጠዋል» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ያሉትን እንዳለ ነገርኩት።

እሳቸው ሲወጡ ባልደረባዬ፣ «ይህን በየቀኑ ሊሰሙ ነው እኮ። እዚህ ማስቀመጥ ግፍ ይሆናል» አለኝ። ተስማማሁ። ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ ወጣት ቀጠርን።

ውጤቱን በኢሜይል መላክ ይበቃ ነበር፤ አላስችል ብሎኝ ደወልኩ። አለመመረጣቸውን ስነግራቸው «ገብቶኛል» አሉ። ወዲያው ድምፃቸው ተለወጠ።

«ያቺ እናት የት ናት? ላገኛት እፈልጋለሁ።»

«የትኛዋ?»

«የነገርሽን! የኔም ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ ነው የቀረው። እዚህ አገር የመጣሁት እሱን ፍለጋ ነው። ምናልባት ከልጇ ጋር አብረው ተጉዘው ይሆናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢስትሊ ውስጥ ቀይ ጃኬት የለበሰ ወጣት ባየሁ ቁጥር እያስቆምኩ ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት።»



«እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኳቸው። «ለፈተና የጻፍኩት ነው። እንዲህ ያለች እናት የለችም።»

 

«እሺ» አሉ። «እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ፈቃድ ወስጄ፣ ኢስትሊ ካረፉበት ቤት ይዣቸው የጠፉ ሰዎችን ወደሚያፈላልግ ቢሮ ሄድኩ። ልጃቸውን አስመዘገቡ። እስካሁን የተገኘ ነገር የለም። እሳቸው አሁን እዚያው ሰፈር ለአገራችን ሴቶች እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ በዓል ሲመጣ ቀድመውኝ የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ደህንነቴን፣ የቤተሰቤን ጤና አንድ በአንድ ሲጠይቁኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

ፈተናውን ሻንጣ ስለጠፋበት መንገደኛ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። ባልደረባዬ በጣም ቀለለ ይላል። የልጃቸው ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ኢስትሊ በሄድኩ ቁጥር የወጣቶቹን ፊት እያየሁ ነው የማልፈው።